በወረቀት አሥራ ሰባት

ዕድሜ የሚባለው ነገር በእኛ አገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እናት የምታውቀው፣ ሁለተኛው ወረቀት የሚያውቀው። ሁለቱ የተስማሙለት ሰው ዕድለኛ ነው። እኔ ዕድለኛ አይደለሁም። እናቴ አሥራ ዘጠኝ ነሽ ትለኛለች፤ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ግን አሥራ ሰባት ነሽ ብሎ ድርቅ ብሏል። ወረቀት ደግሞ እንደ እናት ቢለምኑት አይመለስም።

ጥፋተኛው ክንዴ ነው። ከደባርቅ ወጣ ባለችው መንደራችን ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ሲነካ ነበር። የነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል ተብሎ ይመዘገባል፤ ያልነካ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ጣቴ ከጆሮዬ በላይ ቀረች። በስምንት ዓመቴም እዚያው ቀረች። በዘጠኝ ዓመቴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተሰለፍኩ። እሱ ገና ሰባቱ ነው፤ ክንዱ ግን የጭላዳ ዝንጀሮ ስለሆነ ጆሮውን አልፎ አገጩ ጋ ደረሰ። ሁለታችንም «ሰባት» ተብለን ተጻፍን። ስለዚህ በወረቀት መንታ ነን።

እውነቱን ለመናገር ይህ ስህተት ጠቅሞኛል። አምና ጎረቤታችን አያ ደርሶ ሽማግሌ ይዘው ለልጃቸው ሊጠይቁኝ መጡ። አባቴ ልጁን በግድ የሚድር ሰው አይደለም፤ ችግሩ እምቢ ማለትም አይችልም። ዓይን አፋርነቴን ከእሱ ነው የወረስኩት። ቢጨንቀው የትምህርት ቤት ካርዴን አወጣና «ገና አሥራ ስድስቷ ነው፤ ሕጉ አይፈቅድም» አለ። አያ ደርሶ ካርዱን አገላብጠው አዩና ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ካርድ በቤታችን ከጋሻ ይበልጥ ተከበረ።

ዘንድሮ የመራጮች ምዝገባ ተጀመረ። የሥነ ዜጋ መምህራችን የክበባችንን አባላት ሰብስበው፣ ዕድሜው የደረሰ ተማሪ ሁሉ በየቀበሌው እንዲመዘገብ ቀስቅሱ አሉን። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የምትናገረው የክበቡ ጸሐፊ ናት ተባለ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ጸሐፊ ያደረጉኝ እኮ ስለማልናገር ነበር! ወጥቼ ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ፤ የተናገርኩትን እኔም በደንብ አልሰማሁትም። ከኋላ በኩል ሙላት የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ «ድምፁን ጨምሩላት፣ ባትሪዋ አልቋል» አለ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በዝምታ የተመዘገበ መራጭስ ማን አይቷል? ስለዚህ በእረፍት ሰዓት አንድ በአንድ መለመን ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚያው ወደ ሙላት ነው። የእኔ አንድ ድምፅ ምን ሊያደርግ ነው አለኝ። አንተ ከኋላ ሆነህ የተናገርካት አንዲት ቃል አይደለችም እንዴ ሰልፉን ሁሉ ያሳቀችው? ይህን ያልኩት ግን በሆዴ ነው። በአፌ ያልኩት «እንጃ» ብቻ ነው።

«ለመሆኑ አንቺ ተመዝግበሻል?» አለኝ።

ጥያቄውን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰውን ወንዙን ተሻገሩ እያሉ ራስ ዳር ላይ መቆም ምን ይባላል?

ማታ ለእናቴ እውነተኛ ዕድሜዬን አስመስክሬ ልመዘገብ ነው አልኳት። ድንግጥ አለች። «ተይ ልጄ፣ ዕድሜሽን አደባባይ ካወጣሽው በማግስቱ አያ ደርሶ በራችን ላይ ናቸው። ያን ጊዜ አባትሽ ምን ይዞ ይመልሳቸዋል?» አለችኝ። አባቴን አየሁት። እሱ ጣሪያውን አየ። ልጅ መስዬ ተደብቄ ልኑር ወይስ ዕድሜዬን ይዤ ልውጣ? ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና እወጣለሁ አልኩ።

ቅዳሜ የምዝገባው መጨረሻ ነበር። ጣቢያው ስደርስ መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ካርዴን አይታ «አሥራ ሰባት፤ ለሚቀጥለው ያድርስሽ» አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። «ማስረጃ?» አለች። እናቴ አልኩ። ፈገግ ብላ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሦስት የአካባቢ ሰዎች ካመጣሁ እንደምትመዘግበኝ፣ ግን አሥር ሰዓት ላይ እንደሚዘጉ ነገረችኝ።

ሁለቱ አልከበዱኝም። ያጠመቁኝ ቄስ አባ ተድላና የክርስትና እናቴ እትዬ ውቢት እሺ አሉ። ሦስተኛው ሰው ማን ይሁን? እናቴን ምጥ ሲይዛት በበቅሏቸው ጤና ጣቢያ ያደረሷት፣ የተወለድኩበትን ቀን ከማንም በላይ የሚያውቁት አያ ደርሶ ናቸው። ሌላ ሰው ብፈልግ ሰዓቱ ሊሄድ ነው። ከደጃፋቸው ሞፈር ሲጠርቡ አገኘኋቸው።

«አያ ደርሶ፣ ዕድሜዬን ይመስክሩልኝ» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«ስንት ነሽ ብዬ?» አሉ። «አምና አሥራ ስድስት ናት ተብዬ ከቤታችሁ ወጥቻለሁ።»

«የሚያውቁትን ብቻ።»

መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። «የማውቀውንማ አውቃለሁ» አሉና ጋቢያቸውን ለብሰው ተከተሉኝ። ምን እያሰቡ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ምዝገባ ጣቢያው ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሙላትም ከአጥሩ ጥግ ቆሞ የሰውን ምዝገባ ያያል። አባ ተድላ መስቀላቸውን ይዘው ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ በተለወጠበት ዓመት በሰማንያ ቀኗ አጠመቅኋት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ደንግጣ እሪ አለች አሉ።

«ኧረ አባ፣ አላለቀሰችም» አሉ እትዬ ውቢት። «ያቀፍኳት እኔ አይደለሁ? ያን ጊዜም ድምፅ አልነበራትም።»

መዝጋቢዋ ቁጥሩን ንገሩኝ እያለች ለመነች። አያ ደርሶ ተነሡ። «እናቷን የተሸከመችው በቅሎዬ በዚያው ክረምት ገደል ገባች። የሞተ በቅሎ ዓመቱ አይረሳም። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል» አሉ። ሁለቱ በቁጥሩ ተስማሙ። ሦስቱም ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ። የመራጭነት ካርዴን ተቀበልኩ።

ገና ከወንበሩ ሳልነሣ አያ ደርሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አሥራ ዘጠኝ መሆንሽ በመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ነገ ሽማግሌዎቹን ይዤ ብመጣ አባትሽ ምን ሊለኝ ነው?» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባቴ ጣሪያውን ሲያይ ታወሰኝ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከእኔ የወጣ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

«አባቴ ምንም አይልዎትም፤ የምመልስልዎት እኔ ነኝ። አምና እምቢ ያለዎት ወረቀቱ ነበር። ዘንድሮ እኔ እምቢ እላለሁ። ልጅ ስላልሆንኩ ነው እምቢ የምልዎት። ትምህርቴን እጨርሳለሁ።»

መንገድ ላይ ያለ ባጃጅ ሳይቀር የቆመ መሰለኝ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ውቢት ናቸው። ሙላት ከአጥሩ ጥግ መጥቶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። ቀጥሎ የክፍሌ ልጆች የሆኑ ሦስት ሴቶች፣ እነሱም እንደ እኔ ዕድሜያቸው በወረቀት ያነሰ፣ ወደ አባ ተድላ ጠጋ ብለው «አባ፣ እኛንም ያጠመቁን እርስዎ ነዎት» አሏቸው። አባ ተመልሰው ተቀመጡ። ሳምንት ሙሉ ለምኜ ያላመጣሁትን መራጭ አንዲት እምቢታ አመጣችው።

አያ ደርሶ ግን አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሲሄዱ ለአባ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦ «ልጄ የሊማሊሞን ቁልቁለት በጭነት መኪና የሚወርደው ፍሬኑን አምኖ ነው። ይቺ ልጅ ፍሬን የላትም፤ ይቅርብን።»

እኔን እኮ ነው፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ከፍሬን በቀር ምንም ሳይኖረኝ የኖርኩትን።