ኮቱ ድምፅ የሰጠበት የፍሬን ስብሰባ

የታች ሰፈር ጎካርት ክበብ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ውድድሩ ነገ ሊደረግ
ቦታ፦ የመካኒኩ ጋራዥ፣ ጎካርቷ (ትንሿ የእሽቅድምድም መኪናችን) ዙሪያ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠን

የተገኙ፦ ሊቀመንበሩ (ጡረታ የወጡ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ)፣ መካኒኩ ጋሽ ቡሎን፣ ሾፌራችን በያጁ። ጸሐፊ፦ የበያጁ ባለቤት፣ እጅ ጽሑፏ ያምራል ተብላ የተመረጠች፣ ድምፅ የሌላት።

ያልተገኙ፦ ገንዘብ ያዡ። ምልዓተ ጉባኤው አራት ሰው ነው። ሆኖም ገንዘብ ያዡ ባለፈው ስብሰባ የረሱት ኮት ወንበር ላይ ተሰቅሎ ስለተገኘ፣ ሊቀመንበሩ «ኮቱ ካለ ሰውዬው አለ» በማለት ጉባኤው መሟላቱን አስታውቀዋል።

አጀንዳ 1፦ ሞተሩን ስለማፍጠን
ጋሽ ቡሎን አምና የላይ ሰፈር ልጆች ጥለውን ሲሄዱ አቧራቸውን እንደበላን አስታወሱ። ከውሃ ፓምፕ የተነቀለው ሞተራችን ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር የሚይዘው መገደቢያ እንዲነሣ፣ የካርቡራተሩ የነዳጅ ቀዳዳ እንዲሰፋ፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ ማርሚታም እንዲወልቅ ጠየቁ። በያጁ ሞተሩ የተገጠመው ከወገቡ በስንዝር ርቀት ስለሆነ ቢፈነዳ ምን ይውጠኛል ሲል ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ጥያቄው ገንቢ መሆኑን ገልጸው አለፉት።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በያጁ ለተቃውሞ እጁን አውጥቶ ነበር። ነገር ግን መቀመጫው ላይ የሚቀመጠው እሱ ስለሆነ በጉዳዩ የግል ጥቅም አለው ተብሎ ድምፁ አልተቆጠረም። የኮቱን እጅጌ ሊቀመንበሩ አነሡለት።

አጀንዳ 2፦ ክብደት ስለመቀነስ
ሊቀመንበሩ ፍሬን ለማሸነፍ የሚያደርገው አስተዋጽኦ እንደሌለና ክብደት ብቻ እንደሆነ አብራሩ። እኒህ ሰው ለሠላሳ ዓመት «ፍሬን ያዝ!» እያሉ ሲጮሁ የኖሩ ናቸው። በያጁ የመንገዱ መጨረሻ የወፍጮ ቤቱ ግንብ መሆኑን አሳሰበ። ጋሽ ቡሎን ግንቡ ጠንካራ እንደሆነና ምንም እንደማይሆን አረጋገጡ። ጸሐፊዋ ሁለት ልጆች እንዳሏት ለማስመዝገብ ብትጠይቅ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለች። ይኸው ጽፌዋለሁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፍሬኑ እንዲነሣ ተወሰነ። ኮቱም ደግፏል።

አጀንዳ 3፦ ሳይያዝ የመጣ
በያጁ እንደማይነዳ አስታወቀ። ሊቀመንበሩ ፍሬን የፈሪ ዕቃ እንደሆነ፣ እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ዓይናቸውን ሳያሹ ይነዷት እንደነበር ተናገሩ። ጸሐፊዋ በትሕትና «እንግዲያው ጋሼ፣ ‹እኔ እነዳለሁ› ብለዋል ብዬ ልጻፈው?» ስትል ጠየቀች። የሰው ፊት ክፉ ነውና፣ «ጻፊው» አሉ። ተጻፈ።

ወዲያውኑ ሊቀመንበሩ የፍሬኑ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠየቁ። በያጁ መቀመጫው ላይ የሚቀመጡት አሁን እሳቸው ስለሆኑ የግል ጥቅም እንዳላቸውና ድምፅ እንደሌላቸው በአክብሮት አስረዳ። ከረጅም ውይይት በኋላ የፍሬኑ መነሣት በሙሉ ድምፅ ጸና። በዚህ ዙር የኮቱን እጅጌ ያነሣው በያጁ ነው። ጋሽ ቡሎን ፍሬኑን ሊፈቱ ቁልፍ ይዘው ተነሡ። ሊቀመንበሩን ላብ አጠመቃቸው።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ
ሊቀመንበሩ ድንገት ወደ ኮቱ ዞረው «ለመሆኑ ኮት ሰው ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። እንዳልሆነም ራሳቸው መለሱ። ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤው ከመነሻው ስላልተሟላ ስብሰባው እንዳልተደረገ፣ የተወሰነውም ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ጋሽ ቡሎን ይህን ለመወሰንም አራት ሰው ያስፈልጋል ቢሉ፣ ሊቀመንበሩ የኮቱን እጅጌ ለመጨረሻ ጊዜ አነሡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በዚሁ መሠረት መገደቢያውም ፍሬኑም ባሉበት ይቆያሉ። ነገ የሚነዳው ባለቤቴ ነው፤ አቧራውን ይበላል፣ ማታ ቤቱ ይገባል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። ሊቀመንበሩ በር ላይ ጋሽ ቡሎንን ይዘው፣ ሾፌሩ በያጁ ከሆነ ዘንድ የፍሬኑ ነገር ዛሬውኑ እንደገና ቢታይ ምን ይመስልሃል ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ኮቱን ለገንዘብ ያዡ ላደርስ ይዤው ወጥቻለሁ።