ያላገቡ ተማሪዎች ስለ እርግዝና እንዳያስተምሩ የተወሰነበት ሐሙስ

ለማንም አትንገሩብኝ እንጂ ይህን ቃለ ጉባኤ የያዝኩት ተመርጬ አይደለም። በኮሌጃችን ልማድ አርፍዶ የገባ ሰው እስክሪብቶ ይሰጠዋል። እኔ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ደግሞ «ይግፉ» የተጻፈበትን በር ስጎትት፣ ሁሉም በመስታወቱ እያዩኝ፣ አምስት ደቂቃ ቆሜያለሁ።

ቀን፦ ሐሙስ፤ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡20 ተጀመረ።
ቦታ፦ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ወረቀት የተደገፈ ጠረጴዛ ዙሪያ።
የተገኙ፦ ዲኑ (ሰብሳቢ)፣ የክሊኒኩ ሲስተር፣ የሥነ ምግባር መምህሩ፣ እኔ፣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ (ያለ ድምፅ)። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ስለሚጠይቅ ተማሪዋ ለቁጥር ተይዛለች።

አጀንዳ 1፦ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ሠልጥነው፣ ከእርግዝና በፊት ስለሚደረግ የጤና ጥንቃቄ ጓደኞቻቸውን እንዲያስተምሩ ስለመፍቀድ።
የፅንስ አከርካሪ የሚሠራው ሴትየዋ ማርገዟን ሳታውቅ ስለሆነ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ኪኒን አስቀድሞ መጀመር እንዳለበት ሲስተር አስረዱ። ተማሪዋ እህቷ ይህን የሰማችው በአራተኛ ወሯ መሆኑን፣ ልጁንም ወልዳ እንዳላሳደገች ገለጸች። መምህሩ «ያላገባ ሰው በእርግዝና ምን አገባው?» አሉ። ሲስተር «ታዲያ ካረገዘች በኋላ ነው ‹ከእርግዝና በፊት› የሚነገራት?» ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ የሚሠለጥኑት የጋብቻ ምስክር ወረቀት እንዲያቀርቡ ተወሰነ። ወረቀቱ ያለው ተማሪ ስላልተገኘ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር የቆዩት መምህሩ ብቻቸውን እንዲሠለጥኑ ተወሰነ። ኪኒኑን ያውቁት እንደሆነ ሲጠየቁ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳይተዋል።

አጀንዳ 2፦ ፖስተር።
«እርግዝና» የሚለው ቃል እንዲወጣ ተወሰነ። የቀረው «ከ… በፊት ጤና» ነው። ሲስተር «ከምን በፊት?» ሲሉ መምህሩ «የገባው ይገባዋል» ብለዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ።
ዲኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲስተርዬ፣ ለአንድ ወዳጄ ነው» በማለት፣ ወዳጃቸው ከሦስት ወር በኋላ ሴት ልጁን እንደሚድር ገልጸው፣ የኪኒኑን ነገር ማን እንደሚነግራት ጠየቁ። «አባቷ ይንገራታ!» ሲባሉ «በምን አፌ?» አሉ። ይህ እንዳይመዘገብ ጠይቀዋል፤ መጠየቃቸው ተመዝግቧል። በዚህ ጊዜ ተማሪዋ፣ ያለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ለሥልጠናው ከተመዘገብነው አራተኛዋ የወዳጅዎ ልጅ ናት። ‹መመዝገቤን ለአባዬ ማን ይንገርልኝ› እያለች ነው የሰነበተችው» አለች።
ዲኑ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ተደግፈውት፣ ውሳኔዎቹ እንደገና ለድምፅ እንዲቀርቡ አዘዙ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሮ፣ አሥራ ሁለቱም ሰኞ በ3፡00 በክፍል 6 ሥልጠና እንዲጀምሩ በሦስት ድምፅና በአንድ ኩርፊያ ጸደቀ። 9፡45 ተበተንን።

ስንወጣ ዲኑ ሲስተርን «ለዚያ ወዳጄ የኋላ ወንበር ይያዝለት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔማ ሰኞ ሆን ብዬ አረፍዳለሁ፤ እስክሪብቶው ሌላ እጅ ከገባ አባትና ልጅ ሲተያዩ የሆነውን ማን ሊነግራችሁ ነው?