እትዬ ስንታየሁ ለፊልሞን ሽማግሌ ሄዱ

አምስት ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት ከተማ ሁሉ ስድስተኛዋ ሰው የምታጋባ ሴት ናት። የሾማት የለም፣ ደመወዝ የላትም፣ ጡረታም አትወጣም። እዚህ አሜሪካ፣ የሴንት ፖልና የሚኒያፖሊስ ከተሞች ክብርት አጋቢ እትዬ ስንታየሁ ይባላሉ። ያላገባ ሰው ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«እኔ አሳያለሁ እንጂ አልገፋም» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሰውየውን በክንዱ ይዘው ወደ ልጅቷ ጠረጴዛ እየጎተቱት ነው። አንዴ ሮዝቪል ሰፈር ባለ ሱቅ ውስጥ ፎጣ የሚመርጥ ወጣት በስልክ አማርኛ ሲያወራ ሰሙና፣ ስልኩን እስኪዘጋ እንኳ ሳይታገሱ ዕድሜውን፣ ሥራውንና የሚያመልክበትን ቤተ ክርስቲያን ጠይቀው ጨረሱ። ልጁ በስድስተኛው ወር አገባ። ፎጣውን ግን ያን ቀን ሳይገዛ ነው የወጣው።

እኚህ ሴት በዕድሜያቸው ያቃታቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፊልሞን። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ነርስ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ማይክና ስፒከሩን የሚቆጣጠረው እሱ፣ እሳቸውን በየወሩ ዓይን ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳቸውም እሱ። እንዲህ ያለ ልጅ ሳያገባ መቅረቱን እትዬ ስንታየሁ እንደ ራሳቸው የሥራ ጉድለት ቆጠሩት።

በመጀመሪያ ኩን ራፒድስ ከተማ ከምትኖረው ከማዕዶት ጋር ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ምሳ አገናኙት። ሁለቱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲስቁ ዋሉ። እትዬ ስንታየሁ በልባቸው የሠርግ አዳራሽ ተከራዩ። በማግሥቱ ማዕዶት ደውላ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድም አገኘሁ» አለቻቸው። ሁለተኛዋን፣ ጋዲሴን፣ የነርስነት ፈተና አስጠንቶ አሳለፋት። ሦስተኛዋን ደግሞ ራሱ ከጓደኛው ከሶፎንያስ ጋር አስተዋውቆ ዳራት። እትዬ ስንታየሁ ሥራዬን ቀማኝ ብለው ሠርጉ ላይ አኮረፉ፤ ኬኩን ግን ሁለቴ ደገሙ።

አንድ ቀን ከሐኪም ሲመለሱ አራተኛዋን ሲያነሱበት፣ ፊልሞን መኪናውን ዳር አስያዘ።

«እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ሰው አያምጡልኝ። እኔ ጌይ ነኝ። የምወደው ወንድ ነው። አባቴ ካወቀ ሦስት ወር ሆነው፤ ቤቴ እንዳትመጣ ብሎኛል። ስደውልለትም አያነሳም።»

የእትዬ ስንታየሁ አፍ የሠላሳ ዓመት ልማዱን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ቀጠለ።

«ሥራ አለው?» አሉ።

«ማን?»

«ልጁ ነዋ! የምትወደው።»

«አለው። መካኒክ ነው።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

ከዚያ ምን እየጠየቁ እንደሆነ ገባቸውና ደነገጡ። ጥያቄያቸውን ሁሉ በደህና ነጥብ ያለፈ ሰው ወንድ ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚባል ማንም አልነገራቸውም። ስብከት ላይ የሰሙት ሌላ፣ አጠገባቸው መሪውን ጨብጦ የሚያለቅሰው ልጅ ሌላ ሆነባቸው።

ሳምንቱን ሙሉ ግራ ገብቷቸው ሰነበቱ። ሊጸልዩ ይንበረከኩና ምን ብለው እንደሚጀምሩ ይጠፋቸዋል። «ጌታ ሆይ፣ ለውጠው» ሊሉ ሲሉ ቀድሞ ዓይናቸው ላይ የሚመጣው በሩን የዘጋበት የልጁ አባት ነው። እዚህ የተወለደችው ልጃቸው ኢያኤል «ማሚ፣ ኢትስ ኖት አ ቢግ ዲል፤ ይሄን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም» አለቻቸው።

«ላንቺ ነዋ! እኔን ራሴን እያዞረኝ ነው» ብለው ተቆጧት።

በመጨረሻ የማያውቁትን ትተው የሚያውቁትን ለማድረግ ቆረጡ። ፊልሞንን አስፈቅደው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ማዕዶት ሳታመነታ እሺ አለች። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያናቸው አዛውንት ኦቦ ሆርዶፋ ነበሩ። ጉዳዩን አልጠየቁም፤ ሽማግሌ ከተባለ ሠርግ ነው ብለው ከረባታቸውን አስረው መጡ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ የፊልሞንን አባት የወንድም ጌቱን በር አንኳኩ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። «ተቀመጡ እንጂ!» አሉ ጌቱ። ማንም አልተቀመጠም። ለሽምግልና የመጣ ሰው ልመናው እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ጌቱ ያውቃሉ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ለማን ነው የመጣችሁት?»

«ለልጅህ ለፊልሞን» አሉ እትዬ ስንታየሁ።

«እሱ ልጄ አይደለም።»

ኦቦ ሆርዶፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሙሽሪት ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ማዕዶት በጆሯቸው ሹክ አለቻቸው። ኦቦ ሆርዶፋ ወደ በሩ ሄደው አንድ እግር ጫማቸውን አጠለቁ።

«ሌላ ጊዜ የምንለምነው የሰው ልጅ ነው» አሉ እትዬ ስንታየሁ። «ዛሬ የመጣነው አባት ልንለምን ነው። ለፊልሞን አባቱን ስጠን።»

«እህት ስንታየሁ፣ አንቺ ይሄን ነገር ትደግፊያለሽ?»

«አልገባኝም! ግራ ገብቶኝ ሳምንት አልተኛሁም። ግን ያልገባኝን ሁሉ ከቤት ባባርር ባሌን ራሱ ሃያ ዓመት አላኖረውም ነበር። የሌላው ልጅ የሚወደውን ሰው ይዞ አባቱ ቤት ይገባል፣ ይበላል፣ ይመረቃል። ያንተ ከሱ በምን ያንሳል?»

ጌቱ ለእትዬ ስንታየሁ ወንበር ገፋ ቢያደርጉላቸው፣ እሳቸው በእጃቸው መለሱት። ኦቦ ሆርዶፋ በአንድ እግር ጫማ በሩ ጋ ብዙ ቆሙ። ከዚያ «እኔም አልተዋጠልኝም። ግን ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ጥዬ ወጥቼ አላውቅም» ብለው ጫማውን መልሰው አወለቁና ከእትዬ ስንታየሁ ጎን ቆሙ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ጌቱ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ከስቷል እንዴ?» አሉ።

ያን ጊዜ እትዬ ስንታየሁ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «ታች ፓርኪንግ፣ መኪና ውስጥ ነው። ውረድና ራስህ እየው» አሏቸው። ጌቱ በነጠላ ጫማ፣ ጃኬት እንኳ ሳይደርቡ፣ በበረዶው ወጡ።

እትዬ ስንታየሁ ልክ ሠርተው ይሁን ተሳስተው እስከ ዛሬ አያውቁም። ብትጠይቋቸው «እኔ እንጃ ልጄ» ይሏችኋል። ሁሉ ነገር የገባቸው ሰዎች በሰፈራችን ሞልተዋል፤ ያንን በር ያንኳኳ ግን ከነሱ አንድም የለም። ግራ የገባው ሰው እንዲህ ከሆነስ፣ ያብዛልን።