ሲዲ ጠራጊው

ሲዲ በዘለለ ቁጥር አውጥቶ በጋቢው ጫፍ የሚጠርግ ሰው እርስዎ ቤት አለ? ከሌለ ወረታ ብቅ ይበሉና የእኛን ጎረቤት አያ ደምሴን ይዋሱ። ከመሀል ወደ ዳር ነው የሚጠረገው ቢሉት አይሰማም፤ ምጣድ እንደሚያስስ ሰው ዙሪያውን ያሸዋል።

የወንድሜን የሠርግ ፊልም ወደ ሲዲ የገለበጥሁት እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ አማቾቻችን ከይፋግ መጡና ልናይ ተቀመጥን። በፊልሙ ላይ የሙሽራዋ አባት መሪጌታ ሊመርቁ ሲነሡ ሲዲው ዘለለና ጭፈራው ላይ አረፈ።

"ምርቃቴን ቆረጣችሁት?" አሉ አብረውን የሚያዩት መሪጌታ።

እኔማ በጥድፊያ እንደገለበጥሁት እያወቅሁ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። አያ ደምሴ ጠረገው። ይባስ ብሎ መሪጌታ ከፊልሙ ከነወንበራቸው ጠፉ።

"ጭራሽ ከሠርጉም አስወጣችሁኝ!" ብለው መቋሚያቸውን አነሡ። ልጃቸውም ነጠላዋን ለብሳ ከኋላቸው ቆመች። የወንድሜ ፊት ዐመድ መሰለ።

እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። "መሪጌታ፣ በሞቴ፣ እዚሁ ይመርቁን!"

እየተቆጡ ጀመሩ፤ ሲጨርሱ ግን ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። ቤቱ በአሜን ተናጋ።

አያ ደምሴ ጋቢውን እየሰበሰበ ዞር ብሎ አየን።

"አላልኋችሁም? ሲጠረግ ይሠራል!"