ጋሽ ነካካ እና ሠላሳ ሰባት ተኩል

ነካኪ ሰው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ተጣልቶ መገላገል ይቻላል። ነካኪ ግን ደግ ነው። የሚነካካው ለእናንተው አስቦ ነው። ራዲዮኑን የሚቀንሰው ለጆሯችሁ፣ መጋረጃውን የሚስበው ለዓይናችሁ፣ ወንበራችሁን እናንተው እንደተቀመጣችሁበት ወደ ግድግዳው የሚያስጠጋው ለጀርባችሁ ብሎ ነው። ምን ብላችሁ ትጣሉታላችሁ?

እኔ የማውቃቸው የነካኪዎች ሁሉ አለቃ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ ዘወር ሲሉ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ፣ እህቴም ጭምር፣ ጋሽ ነካካ ነው የሚላቸው። "ትንሽ ብቻ" የምትል አነጋገር አለቻቸው። ጋሽ ነካካ "ትንሽ ብቻ" ካሉ፣ እጃቸው ላይ የወደቀው ዕቃ ዕድሜው አልቋል ማለት ነው። "ቧንቧውን ትንሽ ብቻ ላጥብቀው" ብለው ሳሎኑ በውሃ ተጥለቅልቋል። "ይሄን በር ትንሽ ብቻ ብሞርደው" ብለው በሩ አሁን ተዘግቶም ድመት ያሳልፋል። ፀጉር አስተካካያቸው ደግሞ መስታወቱን፣ መብራቱን፣ በመጨረሻም የራሱን ክርን ሲያስተካክሉበት ጊዜ መላ ዘይዷል፤ ገና ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ነጩን ጨርቅ ከነእጃቸው ጠቅልሎ ከኋላ ያስርባቸዋል።

የሚሠሩት ማተሚያ ቤት ነው፤ የቀለም ባለሙያ ናቸው። አንድ ጊዜ የሰርግ መጥሪያ ሲታተም ሙሽራዋ ፊቷ ቀላ ብሎ ታያቸውና ቀዩን ትንሽ ብቻ ቀነሱት። መጥሪያው ሲወጣ ሙሽራዋ አረንጓዴ ሆናለች። አለቃቸው ሲጮህባቸው፣ "ለዓይን ግን ያርፋል" አሉ ይባላል።

እንግዲህ እኚህ ሰው ባሉበት ቤት ውስጥ ነው እህቴ በመፈልፈያ ጫጩት አወጣለሁ ብላ የተነሳችው።

ጥፋቱ የዶሮዋ ነበር። እህቴ ከነርስነት ጡረታ እንደወጣች የያዘቻት አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻት፤ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓሮ እንደ ጥላ የምትከተላት። ይቺ ዶሮ እንቁላል መጣል ታውቅበታለች፤ መታቀፍ ግን አይሆንላትም። እንቁላሎቹ ላይ ጥቂት ቁጭ ትልና፣ ጎረቤት ግቢ ኮሽ ካለ ጉዳዩን ለማጣራት ጥላቸው ትሄዳለች። እህቴ ተስፋ ቆረጠችና ጎረቤታችንን የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠርታ መፈልፈያ አሠራች፦ ዓሣ የሚጫንበት ዓይነት ነጭ የፎም ሣጥን፣ ውስጡ አምፖል፣ ትንሽ ማራገቢያ፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ቴርሞሜትር፣ እንዲሁም ሙቀቱ ሲበዛ አምፖሉን የሚያጠፋ፣ ሲቀንስ የሚያበራ መቆጣጠሪያ።

ሠራተኛው ሙቀቱን ሠላሳ ሰባት ተኩል ላይ አደረገና፣ "በቃ፤ እንቁላሎቹን እየገለበጣችሁ መጠበቅ ነው። ሙቀቱን ግን ማንም እንዳይነካው" አለ።

"ሠላሳ ስምንት ቢሆንስ?" አሉ ጋሽ ነካካ።

"አይሁን።"

"ሠላሳ ሰባት ከሩብስ?"

"ጋሼ፣ ዝም ብለው ይተዉት።"

ዓሣን ውሃ አትንካ ቢሉት ይሻል ነበር። ጠዋት ቤቱ በረድ ብሏል ብለው ጨመሩ። ከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብቷል ብለው ቀነሱ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብለው ጨመሩ፤ ዝናቡ ሲቀር ቀነሱ። በነኩት ቁጥር ውጤቱን ለማየት ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ክዳኑ ሲከፈት ሙቀቱ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ "አላልኳችሁም?" ብለው ይጨምራሉ። የጫጩቶቹ መውጫ ደርሶ አለፈ። እህቴ አንዱን እንቁላል ሰበረችው፤ ተቀቅሏል። ጋሽ ነካካ ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ጨው ብቻ ነው የቀረው" አሉ። ለሳምንት ያህል አላናገረቻቸውም።

ከዚያ ሌላ እንቁላል ማጠራቀም ጀመረች። ሊሞላላት ሲል የጎረቤት ውሻ ከማሰሪያው አመለጠ፤ ገብስማዋም እንደ ልማዷ ጉዳዩን ልታጣራ ሄደች። አልተመለሰችም። በሥራ ዘመኗ ስንቱን መከራ አይታ ዓይኗን የማታሸው እህቴ፣ ጓሮ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለአንዲት ዶሮ አለቀሰች። ጋሽ ነካካ አጠገቧ ቆመው ምን እንደሚነኩ ጠፍቷቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሲፈቱና ሲቆልፉ አየኋቸው።

የቀሩት እንቁላሎች የመጨረሻዎቹ ሆኑ። ስለዚህ እኔ፣ እህቴና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጓዳ ገብተን በክቡርነታቸው ላይ ዶለትን። እውነተኛው መቆጣጠሪያ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተደበቀ። በሣጥኑ ፊት ለፊት ደግሞ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲዞር ጠቅ ጠቅ የሚል ማዞሪያ ተገጠመ፤ ከምንም ጋር ያልተያያዘ። ጋሽ ነካካ ባዩት ጊዜ ፊታቸው በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ማታ ያዞሩታል። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሰባት ተኩል ላይ ፍንክች አይልም፤ እሳቸውም ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ "አያችሁ፣ ይሄ ነገር እጅ ይፈልጋል" ይላሉ። እኔና እህቴ ወደ ጓዳ ሮጠን እንስቃለን።

አንድ ቀን እህቴ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ጋሽ ነካካን እንድጠብቅ እኔን አስቀመጠችኝ። ገና ከመሄዷ መብራት ጠፋ። አምፖሉ ጨለመ፤ ማራገቢያው ዝም አለ። ለሠራተኛው ደወልኩ፤ አያነሳም። ድንጋጤዬን እንዳያዩብኝ ብዬ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ማዞሪያውን ትንሽ ያዙሩት" አልኳቸው።

"እሱማ ከምንም ጋር አልተያያዘም" አሉኝ።

"ያውቃሉ እንዴ?"

"የተገጠመ ዕለት ጀርባውን ትንሽ ብቻ ፈትቼ አየሁት።"

"ታዲያ ለምን ሲያዞሩት ኖሩ?"

"እህትሽ ዶሮዋ ሞታባታለች" አሉ፤ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። "እኔ እሱን ሳዞር እሷ ተረጋግታ ትቀመጣለች። ጓዳ ገብታችሁ ስትስቁም ይሰማኛል፤ ከሞተችባት ወዲህ የሳቀችው ያኔ ነው። ደግሞ ድምፁ ደስ ይላል። አሁን ውሃ ጣጂ።"

ጋዙ ላይ ውሃ ጣድኩ። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞሉ፤ ጠርሙሱን በካልሲ አለበሱና ከእንቁላሎቹ ጎን አስተኙት። ሣጥኑን በብርድ ልብስ ሸፈኑ። ከዚያ ቴርሞሜትሩ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከፍ ሲል የብርድ ልብሱን ጫፍ ይገልጣሉ፤ ዝቅ ሲል ይመልሳሉ። ጠርሙሱን ያስጠጋሉ፤ ያርቃሉ፤ ካልሲውን ያወልቃሉ፤ ያለብሳሉ። ምሳ ሳቀርብላቸው አልዞሩም። እኔ ብሆን ገና ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ በሰለቸኝ ነበር። በእሳቸው ፊት ላይ ግን የነበረው ሰላም፣ ቤተሰቡ ሁሉ አይንኩ አይንኩ እያለ የነፈጋቸው ሰላም ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን ያየሁት የእጅ ሥራ ያምር ነበር።

እህቴ አመሻሹ ላይ በማደንዘዣ ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ ገባች። ብርድ ልብሱን፣ ጠርሙሶቹን፣ ካልሲዎቹን አየች። "ማ ነታው?" አለች፤ ማን ነካው ማለቷ ነው። ጋሽ ነካካ ያለወትሯቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ "እኔ ነኝ" አሉ። ጎንበስ ብላ ቴርሞሜትሩን አየች። ሠላሳ ሰባት ተኩል፤ ቢጎድል የፀጉር ያህል። መናገር ስላልሆነላት እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች፤ መብራት እስኪመጣ አላነሳችውም።

ጫጩቶቹ የሚወጡበት ቀን ሲደርስ ሁላችንም ሣጥኑን ከበብን። አንዱ እንቁላል ተሰነጠቀ፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ትንሽ ምንቃር ታየች። ከዚያ ቆመ። ጫጩቷ ትታገልና ታርፋለች፤ ትታገልና ታርፋለች። እህቴ፣ "በራሷ ነው መውጣት ያለባት። ቅርፊቱን ሰው ካነሳላት ደም ፈስሷት ልትሞት ትችላለች" አለች።

ጋሽ ነካካ ላብ ጀመራቸው። ቅርፊቷ በጥፍር ብትነካ የምትወድቅ ነች። እጃቸውን አዩት፤ ቅርፊቷን አዩዋት። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው። እሳቸውን እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ብዙ ከቆዩ በኋላ ቀስ ብለው ጠሩኝ።

"አንቺ።"

"አቤት ጋሼ።"

"አፍንጫዬን በላኝ።"

"ታዲያ እጅዎን አውጥተው ይከኩታ።"

"አይሆንም። አንዴ ከወጣ አላምነውም።"

አከክኩላቸው። ወደ ቀኝ አሉኝ፤ ወደ ታች አሉኝ። እያከክኩላቸው ሳለ ቅርፊቷ ተገለበጠችና አንዲት እርጥብ፣ የተጨማደደች፣ የተናደደች ገብስማ ጫጩት ተንከባላ ወጣች። ጋሽ ነካካ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ተአምር በሚወራበት ድምፅ፣ "ማንም አልነካትም" አሉ።