የክቡር መዝገብ መደርደሪያ

በየመሥሪያ ቤቱ ምንም ነገር የማይረሳ አንድ ሰው አለ። ከሌለ እሱ መሥሪያ ቤት አይደለም፣ ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ ነው። የእኛው የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ናቸው። ከጀርባቸው «ክቡር መዝገብ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ያው ጋሼ ናቸው።

ክቡርነታቸው የሦስት ሺህ ሠራተኛ ፋይል የት እንደተቀመጠ በቃላቸው ያውቃሉ። ማውጫ ይሥሩለት ሲባሉ «እኔ እያለሁ?» ብለው ይቆጣሉ። ስንት አለቃ መጣ ስንት አለቃ ሄደ፣ ማውጫው አልተሠራም። እኔን የሚያበግነኝ ግን እርማታቸው ነው። ማክሰኞ ተቀጠርኩ ብዬ ለሰው ሳወራ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ «አይደለም ልጄ፣ ረቡዕ ነው። ያውም ዘግይተህ ነው የመጣኸው» የሚል ድምፅ ይመጣል። አንዴማ የሠርጌን ቀን ባለቤቴ ፊት አርመውኛል። ልክ ነበሩ፤ እኔ ግን ሁለት ሳምንት ተኮርፌ ከረምኩ።

ከዚያ ሳል ያዛቸው። «ጉንፋን ናት፣ ታልፋለች» ሲሉ ሲሉ የሳንባ ምች ሆኖ አሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል አስተኛቸው። ትኩሳቱ ሲጠናባቸው ከባዶው ግድግዳ ላይ ፋይል እየመዘዙ ያወጡ ነበር ብላ ልጃቸው ነገረችኝ።

ሲመለሱ ከሳ ከማለታቸው በቀር ያው ናቸው ብለን ደስ አለን። አንድ ቀን የአንድ ሟች ባልደረባችንን ፋይል ፍለጋ፣ የሞቱ ሰዎች ፋይል ወደሚቀመጥበት መደርደሪያ ሄድኩ። ከፋይሉ ጎን የእኔ ፋይል ቆሟል። አቧራው ተጠርጓል፣ በክር ታስሯል፣ በእሳቸው ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «ተዘግቷል» ተብሎ ቀን ተጽፎበታል። ያለፈው ረቡዕ ይላል። ዞር ስል ከኋላዬ ቆመዋል።

«አንተ… ምነው ተመለስክ?» አሉኝ በቀስታ።

ከልጃቸው ጋር ሆነን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሟ ሳታካብድ አስረዳችን። ከባድ ሕመም ትኩሳቱ ስለበረደ ብቻ ጨርሶ ሄዷል አይባልም፤ ከሕመሙ የሚመጣው ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ በደም እየዞረ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊጎዳ ይችላል፣ በእሳቸው ዕድሜ የመርሳት በሽታ የመምጣት ዕድልንም ይጨምራል አለች። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ ሊያገግሙም ይችላሉ፤ ደም ግፊታቸውን ተከታተሉ፣ በእግራቸው ይሂዱ፣ አጫውቷቸው አለችን።

ማጫወቱን እኔ ወሰድኩ። ማውጫውንም ጀመርን፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በየጠዋቱ በራቸው ላይ ቆሜ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ማክሰኞ ነው የተቀጠርኩት» እላቸዋለሁ። «አይደለም ልጄ፣ ረቡዕ ነው» ሲሉኝ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ስንት ዓመት የተናደድኩበትን ቃል ለመስማት እንዲህ ደጅ እጠናለሁ ብሎ ማን አሰበ?

ትናንትም እንደ ልማዴ ማክሰኞ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ።

«ልክ ነህ» አሉኝ።

በሃያ ዓመት አንድ ቀን ልክ ነህ ብለውኝ አያውቁም። እንደዚያ ቃል ያስፈራኝ ነገር የለም። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ።

«አይደለም ጋሼ» አልኳቸው፣ «ረቡዕ ነው። ያውም ዘግይቼ ነው የመጣሁት።»