እልልታ በፈረንጅ ሐኪም ቤት

ፈረንጅ፣ ልጅ የሚወለደው ከእናቱ ሆድ ሳይሆን ከደንብ ውስጥ ነው ብሎ ያምናል! አትሳቁ... በዓይኔ በብረቱ አይቼ ነው የምናገረው። በፈረንጅ ሐኪም ቤት ለመውለድ ያሰባችሁ፣ ወራችሁ የገባ እናቶች ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። «አንቺ ደግሞ መች ወለድሽና!» እንደምትሉኝ ዐውቃለሁ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የተባለውም ለእኔ ቢጤዋ ነው። ግን መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ፍረዱ።

ታላቅ እኅቴ እትዬ ብርቄ አምና ቤቷ ወልዳ ልጁ ሳያለቅስ ቀረ። ከዚህ በላይ አላወራም፤ ወጌ የሳቅ ነው። ባሏ ጋሼ ታደሰ፣ እዚሁ የድሬዳዋው ባቡር በሚደርስበት ወደብ፣ ባቡር ጣቢያ የሚሠራው፣ ዘንድሮ ሆዷ ገፋ ሲል «የአሁኑ ሐኪም ቤት ነው የሚወለደው!» ብሎ ቆረጠ።

«እሺ» አለች እትዬ፤ «ግን ብቻዬን አልወልድም።»

«ምን ሲደረግ ብቻሽን! እኛ የት ሄደን?» አለች እማዬ።

እውነትም ምጡ በጀመረ ጠዋት በሰፈራችን በካርቲየ 2 ያለ ሐበሻ ሴት ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ተከተለን። አንዷ የገንፎ ዱቄት ይዛለች፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ማማሰያ... በመንገድ ያየን ሰው ሠርግ መስሎት ሙሽራዋ ለምን እንደምታቃስት ሳይገርመው አልቀረም።

በሩ ላይ አንዲት ፈረንጅ መነኩሲት ጠበቀችን። አስታማሚም አዋላጅም እሷ ናት። ሰው ሁሉ «ማሴር» ይላታል። በፈረንሳይኛ «እኅቴ» ማለት ነው፤ በእኛ አማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ደፍሮ የነገራት የለም። ማሴር ሠልፋችንን አየችና አንድ ጣቷን ቀሰረች፦ አንድ ሰው ብቻ!

«አንድ ሰው ምን ያደርጋል?» አለች እማዬ። «ወገቧን ማን ሊደግፍ ነው? ማርያም ማርያም ማን ሊል ነው?»

ፈረንሳይኛ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝና ተረጎምኩ።

«ሐኪሙ አለ» አለች ማሴር።

«ሐኪሙ ማርያም ማርያም ይላል?»

«አይልም።»

«ታዲያ ምኑን ሐኪም ሆነው!»

ማሴር ግን ጣቷን ወደ እኔ አዞረች። ቋንቋ የምታውቀው ትግባ! እማዬ ደረቷን ደቃች። «ልጃገረድ ምጥ አታይም! ነውር ነው!» ይህን ጊዜ እትዬ ብርቄ ግድግዳውን ተደግፋ ጮኸች፦ «እማዬ! የነውሩን ነገር ኋላ ትነጋገሩበታላችሁ፤ እኔ ልወልድ ነው!»

እማዬ እጅ ሰጠች፤ ግን ጆሮዬን ጎትታ አደራዋን አወረደችው። «ማርያም ማርያም ማለት እንዳታቋርጪ። ይቺን ቢላዋ ትራሷ ሥር ሸጉጪ። ልክ ሲወለድ በመስኮት እልል በይ፤ ወንድ ከሆነ ሰባት፣ ሴት ከሆነች ሦስት። እንዳትሳሳቺ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም!»

እንግዲህ እናቶች፣ ውስጥ የሚጠብቃችሁ ይህ ነው። መጀመሪያ ልብሳችሁን ያስወልቋችሁና ኋላው ክፍት የሆነ ሸሚዝ ያለብሷችኋል። ጨርቅ አጥሯቸው ይሁን ሙቀቱን ፈርተው አላውቅም። ከዚያ የባሕሩ ነፋስ ቀጥ ብሎ የሚገባበት መስኮት ይከፈታል። እኔ ብርድ ይመታታል ብዬ እዘጋለሁ፣ ማሴር ትከፍታለች፤ እዘጋለሁ፣ ትከፍታለች... እትዬ በመካከላችን እያማጠች! ቀጥሎ በጀርባሽ ተኚ ተባለች።

«ተኝቼ?» አለች እትዬ። «ተኝቼ ሕልም እንጂ ልጅ አልወልድም!»

ተኛች። ማሴር ትራሷን ላስተካክል ብላ ብታነሣ ቢላዋው ቁልጭ!

«ምንድን ነው ይህ? ሐኪሙን ልትወጋው ነው?»

«ኧረ አይደለም ማሴር! ለሰይጣን ነው።»

«ለሰይጣን እኔ እበቃለሁ» አለችና ቢላዋውን ወስዳ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

«ማርያም ማርያም» ማለት ቀላል የሚመስላችሁ ከሰው ጋር ሆናችሁ ስለምትሉት ነው። የአንድ መንደር ሴት ሥራ ለአንድ ጉሮሮ ሲተው ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁ! ማሴር «ዝም በይ፤ እዚህ ጩኸት ክልክል ነው» ትላለች። እትዬ ጣቶቼን እስኪንቋቁ ጨምቃ «እንዳታቆሚ! ስታቆሚ ብቻዬን ነኝ» ትላለች። ማንን ልስማ? የምታምጠውን ሰማሁ። ማርያም ማርያም አልኩ፣ አልኩ፣ አልኩ... በመጨረሻ አፌን ብከፍት ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ዓሣ አፌን ብቻ እከፍታለሁ። እትዬ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም።

ከኋላዬ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ማሪ... ማሪ... ማሪ...»

ዞር ብል ማሴር ናት! ጩኸት ክልክል ነው ያለችው ማሴር! በአንድ እጇ መስቀሏን፣ በሌላው የእትዬን ጉልበት ይዛ በፈረንሳይኛ ማርያም ማርያም ትላለች። እትዬም ቋንቋውን ሳትመርጥ ገፋች።

ልጅ ወጣ። ዝም አለ።

ማሴር እግሩን ይዛ ቁልቁል አንጠለጠለችው፣ መታ መታ አደረገችው። «ለምን አያለቅስም?» አለች እትዬ። አልተረጎምኩትም፤ ማሴርም እንድተረጉምላት አልጠየቀችኝም። መታ መታ... ከዚያ በድንገት ድሬዳዋ የሚሄደውን ባቡር ከጣቢያው የሚያስነሣ የመሰለ ጩኸት! ቤቱ ተናጋ!

«ሴት ናት» አለች ማሴር።

ዘልዬ መስኮቱ ላይ ወጣሁ፤ ጠፍቶ የነበረው ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። እልልልል! ሦስቱን ለሕፃኗ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ከሦስት በኋላ ያለው ግን ከፍርሃቴ የወጣ ነው። አራት... አምስት... ሐኪሙ እየሮጠ መጣ... ስድስት... ሰባተኛውን ሳልጨርስ ማሴር አፌን ያዘችኝ። ውጭ ጋሼ ታደሰ በጣቱ ሲቆጥር ይታየኛል። ሰባተኛው ላይ የሐኪም ቤቱን ሱማሌ ዘበኛ አቅፎ ከመሬት አነሣው! «ወንድ ነው! ወንድ!» ብሎ ሮጠ። ልጠራው ብል የማሴር መዳፍ አፌ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ እንድንጠይቃት ሲፈቀድ፣ ወሬው ራስ ዲካ ሰፈር ድረስ ደርሶ ተመልሷል። ጋሼ ታደሰ የባቡር ቆቡን ወልውሎ ገባ። «የታል ጎረምሳዬ?»

ማሴር ሕፃኗን አሳቀፈችው። «ማድሟዜል ይህችውልህ!»

«ማድሟዜል» ማለት ወይዘሪት እንደሆነስ ጣቢያ ስለሚሰማው ያውቀዋል። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰባት ነው የሰማሁት።»

«ሰባት ነው ያልኩት።»

«ታዲያ?»

«አለቀሰች ጋሼ... ስታለቅስ ስሰማ ማቆም አቃተኝ።»

ልጅቷ መልስ የምትሰጥ ይመስል ያንን ጩኸቷን ለቀቀችው። ጋሼ ታደሰ ፊቱን አዞረ፣ የባቡር ጢስ ዓይኑ ውስጥ የገባ ይመስል ጠረገው፣ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ራሷ ላይ ደፋላት፤ እስከ አገጯ ዋጣት። «እኔም ብሆን አላቆምም» አለ።

እማዬ ግን ሥርዓት አክባሪ ናት። «አራቱ ተርፏል» አለች። «ግድ የለም፣ ለሚቀጥለው ወንድ ይያዝልን።»

እትዬ ብርቄ፣ አልጋው ላይ ዓይኗን ጨፍና የነበረችው፣ ቀና አለች። «የሚቀጥለውን ታደሰ ይውለደው!»

«ምን አለች?» አለች ማሴር። አንድም ሳላጎድል ተረጎምኩላት።

ማሴር ጋሼ ታደሰን ከላይ እስከ ታች በጥሞና መረመረችውና በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም» አለች። «ዳሌው ጠባብ ነው።»